ከስድስተኛው ጎል በኋላ

ኦርቮ ኒስካን በደንብ አውቀዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ከስዊድን ድንበር ወንዝ ዳር ባለችው የፊንላንድ ከተማ፣ በቶርኒዮ የበረዶ አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ እሱ የመጫወቻውን በረዶ በመኪና ያለሰልሳል። በእነዚያ ዓመታት ከእኔ ጋር የተነጋገረው ሁሉ ቢጻፍ አንድ ደብተር አይሞላም፤ አብዛኛውም ስለ ውሃ ሙቀት ነው። እዚህ ከምጽፈው ግማሹን የነገረችኝ ሚስቱ ራውኒ ናት። ጥቂቱን ከወንዙ ማዶ ከሚኖረው ከስቲግ ሰማሁ። ዋናውን ግን ራሱ ኦርቮ አንድ ቀን መኪናውን ስናጥብ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነገረኝ። ለምን ለእኔ እንደነገረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ብዙ ስለማላወራ ይሆናል።

ኦርቮ የተወለደው ስዊድን ውስጥ ነው፤ ይህን ግን ሰው ሲያነሳበት አይወድም። በ1944 ጀርመኖች ሰሜን ፊንላንድን፣ ላፕላንድን፣ እያቃጠሉ ሲያፈገፍጉ የአካባቢው ሰው ላሙን እየነዳ፣ ልጁን ታቅፎ ወንዙን ተሻገረ። እናቱም ማዶ በስዊድኗ ሐፓራንዳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ወለል ላይ፣ ጭድ በተሞላ ፍራሽ ላይ ተገላገለች። ሲመለሱ ከቤታቸው የቆየቻቸው ምድጃዋ ብቻ ነበረች። አባቱ በምድጃዋ ዙሪያ አዲስ ቤት ሠራ። ኦርቮ እዚያ አደገ፤ በረዶ ላይ መንሸራተትም የተማረው በጓሯቸው በሚያልፈው ወንዝ ላይ ነው። አንድ ጥንድ የመንሸራተቻ ጫማ ለሦስት ወንድማማቾች ነበር። ታናሹ ስለነበር ተራው የሚደርሰው ሲመሻሽ ነው፤ ጫማውም ሁልጊዜ ይሰፋዋል፤ ጋዜጣ ይጠቀጥቅበታል።

ሃያ ዓመት ሲሞላው ለከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን ተከላካይ ሆነ። ጎበዝ አልነበረም፤ ግን አይፈራም። አንድ እሑድ ከሐፓራንዳ ቡድን ጋር ሲጫወቱ ስቲግ የሚባል ረጅም ልጅ ዱላውን ሲያወዛውዝ የኦርቮን ሁለት የፊት ጥርሶች አወለቀ። በማግሥቱ ያው ስቲግ በብስክሌት ድልድዩን ተሻግሮ መጣና በሩን አንኳኳ። በእጁ ለስላሳ ዳቦ ይዟል።

«የእናንተን ጥቁር ዳቦ አሁን ማኘክ አትችልም ብዬ ነው» አለው።

«ጥርሶቼንስ አመጣህልኝ?»

«ፈለግኳቸው፤ በረዶው ውስጥ ቀርተዋል። ሲቀልጥ አመጣልሃለሁ።»

ስቲግም ስዊድናዊ ቢሆንም የወንዙን ሰዎች ፊንላንድኛ ነበር የሚናገረው፤ በቋንቋ አልተቸገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓሣ አብረው ያጠምዳሉ፣ አንዱ የሌላውን ጣሪያ ያድሳል፤ ሚዜም የሆኑት እርስ በርስ ነው። ስቲግ የትምህርት ቤት ጠባቂና ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። የተቀጠረበትም ትምህርት ቤት ኦርቮ ወለሉ ላይ የተወለደበት ነው። ለዓመታት ሲያሾፍበት የኖረው በዚህ ነው። «ትናንት የተወለድክበትን ቦታ ሰም ቀባሁልህ» ይለዋል። «የእኛ ሰው እኮ ነህ፤ ዝም ብለህ ነው ለእነዚያ የምትጮኸው።»

አዳራሹ ተሠርቶ ሲከፈት ኦርቮ በረዶ ሠሪ ሆነ። በዚህ ሥራ እንደሱ ያለ አላየሁም። የሚረጭበት ውሃ ትኩስ ካልሆነ በረዶው ወተት ይመስላል፣ ይሰነጠቃልም፤ ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው። ኦርቮ ግን ሙቀቱን በቆጣሪ አይለካም፤ እጁን በቧንቧው ላይ ያሳርፍና ያውቀዋል። ተጫዋቾቹ ከወጡ በኋላ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ እያንዳንዷን ጭረት ይመለከታል። አንድ ጊዜ «ምን ታያለህ?» አልኩት። «ማን እንደወደቀና ማን እንደጣለው» አለኝ።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ።

ከኦርቮ ቤት እስከ ስቲግ ቤት ድልድዩን ተሻግሮ ሃያ ደቂቃ በእግር ነው። በስልክ ግን ሌላ አገር ነው፤ ያኔ ወደ ማዶ መደወል ውድ ነበር። ስለዚህ በሰባዎቹ መጀመሪያ አንድ ዘዴ አበጁ። ፊንላንድና ስዊድን በሆኪ ሲጋጠሙ፣ በዓለም ዋንጫም ይሁን በኦሎምፒክ፣ ጎል ያገባው ወገን ለሌላው ይደውላል፤ አንዴ ጮሆ ይዘጋል። የተደወለለት ማንሳት የለበትም። ማንሳት ነውር ነው። ያነሳ ሰው ሽንፈት መዋጥ አቃተው ይባላል፤ ለዓመትም ይወራበታል። የተሸነፈው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት የአሸናፊውን ማሊያ ለብሶ ድልድዩን በእግር ይሻገርና በሌላው በር ላይ ቆሞ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል።

በድልድዩ ላይ በብዛት ሲመላለስ የኖረው ኦርቮ ነው። ሦስት ዘውድ ያለበት ቢጫ የስዊድን ማሊያ ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ይሰቀላል፤ በየዓመቱ ይታጠባል፣ በየዓመቱ ይተኮሳል። ስቲግ አንበሳ ያለበትን ሰማያዊ የፊንላንድ ማሊያ ደህና አድርጎ የለበሰው በ1995 ነው፤ ፊንላንድ እዚያው ስቶክሆልም ላይ ስዊድንን አራት ለአንድ አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን። በማግሥቱ መኪኖች ድልድዩ ላይ ቆመው ጡሩንባ እየነፉ አሳለፉት። ስቲግ እጁን እንደ ንጉሥ እያውለበለበ መጣ። ሌላ ጊዜ ሲሸነፍ ግን አያምንም። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነውና «ግድ የለም፣ እኛ ዘንድ ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል» ይላል።

የዓለም ሻምፒዮና ሄልሲንኪ ላይ በተደረገበት በ2003፣ ወንዙ በረዶውን ሰብሮ በሚሄድበት ሳምንት፣ ፊንላንድና ስዊድን ሩብ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። ራውኒ ለመዝሙር ልምምድ ወጥታለች። ኦርቮ ብቻውን ቋሊማ ጠብሶ፣ ስልኩን ከጎኑ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ምሽት ቢሆንም በዚያ ሰሜን አገር ውጭው ገና እንደ ቀትር ብርሃን ነው፤ መጋረጃውን ዘጋ።

የዚያን ምሽት የሆነውን በእኛ አገር ያልሰማ የለም። ፊንላንድ በራሷ አዳራሽ፣ በራሷ ሕዝብ ፊት፣ አምስት ለአንድ መራች። ኦርቮ በየጎሉ ደወለ፤ አንዴ እያስጮኸ ዘጋ። አምስተኛው ሲገባ ግን ልቡ ሞልቶ ፈሰሰ። ደወለ፣ አልዘጋም። ሦስቴ ጮኸ፣ አምስቴ ጮኸ፣ ስምንቴ። በመጨረሻ የስቲግ ሚስት ጉንቮር አነሳች።

«ኦርቮ፣ ምነው? ደንቡን አፈረስክ እኮ።»

«ስቲግን አገናኚኝ።»

«አይመጣም። ቴሌቪዥኑን በጫማ እያስፈራራው ነው።»

«እንግዲያው ንገሪው፤ ሰማያዊውን ማሊያ ከአሁኑ ይተኩስ። አንበሳውን እንዳያቃጥለው ይጠንቀቅ።»

ከበስተጀርባ የስቲግ ድምፅ መጣ። «እኛ ዘንድ ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል በይው።»

«ሰምተኸዋል» አለች ጉንቮር እየሳቀች። «በል ዝጋ፤ ነገ ያስከፍልሃል።»

ከዚያ ስዊድን አገባች። ስልኩ አንዴ ጮኸ። ኦርቮ ፈገግ አለ። እንደገና አገባች፤ ስልኩ ጮኸ። ኦርቮ ቋሊማውን አስቀመጠ። አምስት ለአራት ሲሆን ተነስቶ ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። አምስት ለአምስት ሲሆን ስልኩ ላይ ትራስ አስቀመጠበት፤ ከትራሱ ሥር አንዴ ጮኸ። ስድስተኛው ሲገባ ኦርቮ ወደ ቴሌቪዥኑ አልተመለከተም። ስልኩን ነበር የሚያየው። ጮኸ። ዝም አለ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ። አላቆመም። ጎል የለም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የእኛ ልጆች ዱላቸው ላይ ተደግፈው ያለከልካሉ። የአምስተኛውን ጎል ብድር እየመለሰልኝ ነው፣ ሲል አሰበ ኦርቮ። «ጩህ» አለው ስልኩን። «እስኪበቃህ ጩህ።» ሳያስበው ቆጠረ። አሥራ አራት ጊዜ ጮኸ። ቆመ። ወዲያው እንደገና ጀመረ፤ ዘጠኝ ጊዜ። ሦስተኛው ሲጀምር ኦርቮ ገመዱን በእጁ ተከትሎ እስከ ግድግዳው ሄደና ነቀለው። ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ አለው። ለእኔ ሲነግረኝ የከበደው ይህን መናገር ነው። መንቀሉን ሳይሆን ደስ ማለቱን።

ራውኒ ስትመለስ ተኝቶ አገኘችው። የተነቀለውን ገመድ አየች፣ መልሳ ሰካችው። ውጤቱን መዝሙር ላይ ሰምታለች።

በማግሥቱ ጠዋት ኦርቮ ቢጫውን ማሊያ ለበሰ። ደንብ ደንብ ነው፤ ሲሸነፍ ከቤት መቅረት ከመሸነፍ ይብሳል። ድልድዩ ላይ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች አገኙት። በሁለቱም ወገን ያውቁታል።

«ኦርቮ፣ ዜግነት ቀየርክ?» አለ አንድ የፊንላንድ ጉምሩክ ሠራተኛ።

«ከልደቱ ጀምሮ የነሱ ነው» አለ ጓደኛው። «ዛሬ ነው ወረቀቱ የመጣው።»

«ለዋንጫው ቀድመህ ኬክ አዝዘህ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?»

«በልተነዋል» አለ ኦርቮ። «ለእናንተም አልተረፈም።» ሳቁ። እሱም ሳቀ። ወንዙ ላይ የቤት ወለል የሚያህሉ የበረዶ ንጣፎች እየተጋጩ ይወርዳሉ። ድልድዩ መሐል እንደደረሰ የራሳቸው መኪና ከኋላው መጣና ቆመ። ራውኒ ናት። የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባለች።

«ግባ» አለችው።

«ምን ሆንሽ? በእግር ነው ደንቡ።»

«ኦርቮ፣ ግባ። ጉንቮር አሁን ደወለች። ስቲግን ሆስፒታል ወስደውታል። ሲነጋ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፣ አፉም ተይዟል።»

ገባ። እስከ ሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ራውኒ ስለ ስልኩ አላነሳችም፤ እሱም አላነሳም። ማሊያውን አውልቆ ከሥሩ በለበሰው ሊቀር ሞከረ፤ የተቀዳደደ ካናቴራ ነበር። መልሶ ለበሰው።

ጉንቮር በኮሪደሩ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የለበሰችው የትናንቱን ልብስ ነው። ኦርቮን ከነቢጫ ማሊያው ስታየው ፊቷ ላይ የመጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም።

«መጣህ» አለች። «እንኳን ደስ አላችሁ ልትል።»

 ራውኒ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች።

«ስድስተኛው ሲገባ ራሱ ነው ተነስቶ የደወለላችሁ» አለች ጉንቮር። «ከዚያ ሊቀመጥ ሲል የሆነ ነገር ተናገረ፤ ቃል አልነበረም። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። እንሂድ ሐኪም ቤት አልኩት። ድካም ነው፣ ጨዋታው ነው፣ ይለኛል፤ አፉ ተጣሞ። ታውቀዋለህ። አምቡላንስ ልጥራ ስል ስልኩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ደረሰ፤ ሰፈርተኛው በሆኪ ታመመ ይለኛል አለ። አንተን ነው የሚሰማው፤ አንተ ብትመጣ ጎትተህም ቢሆን ትወስደው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ትቼው ጓዳ ካለው ስልክ ደወልኩልህ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፣ ኦርቮ።»

«ሳውና ውስጥ ነበርኩ» አለ ኦርቮ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም እንደ ሌላ ሰው ሰማው። ራውኒ የጉንቮርን እጅ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ሳውናቸው፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍላቸው፣ በእንጨት የሚነድ ነው፤ ትናንት እሳት አልነካውም፤ አመዱን ቅዳሜ ያወጣችው እሷ ናት። አየችውና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች።

«አዬ» አለች ጉንቮር። «አልሰማህማ። እኔም ሳውና ገብቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ከእንደዚያ ዓይነት ሽንፈት በኋላ ማን ስልክ አጠገብ ይቀመጣል።»

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ለጉንቮር ሲያስረዳ ኦርቮ ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ሰማው። በምሽቱ ቢመጣ ኖሮ የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር፤ በእርግጠኝነት መናገር ግን አይቻልም አለ። ኦርቮ የመጨረሻዋን ግማሽ አልሰማም። እንደነገረኝ፣ ሐኪሙ ሲያወራ ሦስቱን ዘውዶች ነበር የሚያየው፤ ሐኪሙ ይህ ሰውዬ እብድ ደጋፊ ነው ብሎ እንዳሰበ እርግጠኛ ነበር። ያን ማሊያ ለብሶ፣ ያን ቃል ተናግሮ፣ በዚያ ብርሃን ሥር መቆም፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢቆም ራሱን የሚያገኘው እዚያ ኮሪደር ውስጥ ነው።

ማታ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ራውኒ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«ትነግራታለህ?»

«ትንሽ ይሻለው፤ ከዚያ።»

ስቲግ ከሞት ተረፈ። ንግግሩ ከወራት በኋላ ተመለሰ፤ ቃላቱ ግን እንደ አዲስ ተማሪ እየተንገዳገዱ ነው የሚወጡት። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና መግባት አማረው፤ የእሱ ቤት ሳውና ምድር ቤት ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ኦርቮ በመኪና ይሄዳል፣ ያመጣዋል፣ ራቁቱን ተሸክሞ ሳውናው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ጀርባውን ያሸዋል፣ ያደርቀዋል፣ ካልሲውን ያደርግለታል፣ ይመልሰዋል። አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ትኩሳት ይዞት እንኳ ሄዷል።

«ያን ምሽት... እዚህ ነበርክ፤ አይደል» ይለው ነበር ስቲግ፣ የጋለው የሳውና ድንጋይ ላይ ውሃ ሲፈስ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳ። «እኔ እዚያ... ልሞት። አንተ እዚህ... ቂጥህን ስታሞቅ።» ይስቃል። ስቲግ በራሱ ላይ የሚቀልድበትን ነገር ሁሉ ይወዳል። ኦርቮ ድንጋዩ ላይ ተጨማሪ ውሃ ያፈሳል፤ እንፋሎቱ ፊቱን እስኪሸፍነው።

«ጀመርክ» ይለዋል። «ክንድህን አንሳ።»

ሁለቱም ከተማ ያመሰግነው ጀመር። ገበያ ውስጥ ሴቶች ያስቆሙታል። «እንዳንተ ያለ ጓደኛ የለም» ይሉታል። የኛ አዳራሽ ኃላፊ በገና ምሳ ላይ ስሙን ጠርቶ አስጨበጨበለት፤ ኦርቮ ሳይነሳ፣ ሹካውን እያየ ተቀመጠ። ትሑት ነው ተባለ። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ራውኒ ብቻ ሰው ሲያመሰግነው ስትሰማ ዕቃ ለማንሳት ትነሳ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ እንዲህ አለችው፦

«ለሱ ነው የምትሸከመው ወይስ ለራስህ?»

«ምኑን?»

«ስቲግን።»

 ኦርቮ ልነግራቸው ነው እያለ ለራሱ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ከዓሣው ወቅት በኋላ። አንዳንዴ ሃሳቡን ሰብስቦ ደጃፋቸው ይደርሳል፤ ስቲግ ካፖርቱን በግማሽ ለብሶ ሲጠብቀው ያያል፤ ተወው ይላል። ቢነግራቸው ቅዳሜውን ያጣዋል። ቅዳሜውን ካጣ ደግሞ ምን ይዞ ይኖራል።

በ2006 የክረምት ኦሎምፒክ ሆኪ ፍጻሜ ፊንላንድና ስዊድን ደረሱ። ስቲግ ደወሉን እንመልስ ብሎ አስቸገረ። ባለፉት ዓመታት ኦርቮ ሰበብ እየፈለገ ሸሽቶት ነበር፤ አንዴ ሥራ ነበርኩ፣ አንዴ ስልኩ ተበላሸ። አሁን ግን ስቲግ በግራ እጁ መደወል ተለማምዷል፤ በሐኪም የታዘዘለትም ይመስል ነበር። እምቢ ማለት አልተቻለም።

እሑድ ቀን ኦርቮ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ራውኒ አጠገቡ ሹራብ ትሠራለች። ፊንላንድ አገባች፤ ኦርቮ ደወለ፣ አንዴ አስጮኸ፣ ዘጋ።  ከዚያ ስዊድን አገባች። ስልኩ ገና መጮህ ሲጀምር ኦርቮ እጁ ቀድሞት አነሳው።

«ሃሎ? ስቲግ? ምን ሆንክ?»

 ስቲግ ከማዶ በዝግታ «ጎል... ነው የሆነው» አለ።

የስዊድን ሁለተኛ ጎልም ሲገባ አነሳው። ራውኒ «ተወው» አለችው፤ አልቻለም። ስልኩ ግማሽ ጩኸት ሳይጮኽ ጆሮው ላይ ነው። ሦስተኛውም እንዲሁ። ጉንቮር ናት በዚያኛው ጫፍ የነበረችው፣ ስቲግ ደክሞት። «ኦርቮ፣ እኛ ደህና ነን» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን።

በማግሥቱ ጠዋት ኦርቮ ቢጫውን ማሊያ በካፖርቱ ሥር ለብሶ ድልድዩን ተሻገረ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ዲግሪ ነበር፤ የሚያሾፍበት ሰው አልወጣም። በሩ ላይ ቆሞ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ስቲግ ወንበሩ ላይ ሆኖ አኩርፏል።

«ጨዋታውን... አበላሸኸው። ለምን ታነሳለህ?»

«እንጃ። እጄ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት... አንስተህ አታውቅም። ሽንፈት መዋጥ... አቃተህ?»

«አቃተኝ» አለ ኦርቮ። «እርጅና ነው።»

«ነገ ለመንደሩ... አወራብሃለሁ።»

«አውራ።»

የቀረፋ ዳቦ በላ፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወሩ፣ ስለ ዳኛው አወሩ። ሲነሳ ጉንቮር ሻርፕ ጣል አድርጋ እስከ ውጭ ደረጃው ተከተለችው። በሩን ከኋላዋ ሳበችው፤ ስቲግ እንዳይሰማ። እንዲህ አድርጋ ሸኝታው አታውቅም። ኦርቮ ከአንደኛው ደረጃ ወርዶ ስለቆመ ፊታቸው እኩል ሆነ።

«ትናንት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለች። «ትናንት እንዴት እንዳነሳኸው እያሰብኩ። ሦስቱንም ጊዜ። የሆነ ሰው እየሞተ ይመስል።»

«ስቲግ ሲደውል...»

«ቆይ። ልጨርስ። ሳውና የነበረ ሰው እንዲህ አያነሳም፣ ኦርቮ። ሳውና የነበረ ሰው ምንም አልሰማም፤ የሚያስፈራው ነገር የለም።» እጆቿን ሻርፑ ሥር ሰበሰበች። የተቆጣች አትመስልም። የደከማት ትመስላለች። «ለስቲግ አልነግረውም። እሱ አሁን ምን ያደርግለታል። ለራሴ ነው የምፈልገው። ሦስት ዓመት ሙሉ ራሴን ስከስ ነው የኖርኩት፤ አምቡላንስ በግድ መጥራት ነበረብኝ እያልኩ። ያን ምሽት ስልኩ ሲጮህ ሰምተኸው ነበር?»

ኦርቮ ጓንቱን ከኪሱ አወጣ። አንዱን አደረገ፤ ሁለተኛውን ለማድረግ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። የካፖርቱ አንገት ላይ ቢጫው ብቅ ብሎ ነበር፤ ወደ ውስጥ አስገባው።

«ቅዳሜ እንደ ወትሮው እመጣለሁ» አለ።

ጉንቮር አልገባችም። ቆማ ጠበቀችው። ኦርቮ ደረጃውን ወርዶ፣ የግቢውን በር በቀስታ ዘግቶ፣ ወደ ድልድዩ ሄደ።